ከኋላችን ያለው ሰው

ሰቆጣ ውስጥ በገበያ ቀን የእግረኛ መንገዱ የእግረኛ ብቻ አይደለም። ነጋዴው ሸቀጡን ይዘረጋበታል፣ ባጃጁ ይቆምበታል፣ እህል የጫነው አይሱዙም ወደ መደብሩ በር ለመጠጋት የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይወጣበታል። አንድ ቀን እንዲህ ያለ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ፣ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ጀሪካን አዝለው በዚያው ያልፉ ነበር። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደበደበ፤ መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደና፣ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላየሁዎትም» አለ። እርሳቸውም ጀሪካኑን እያስተካከሉ፣ «እኔም አላየሁህም ልጄ። ግን እኔ ሳላይህ ብመጣብህ ምን አደርግሃለሁ?» አሉት።

ይህን ጥያቄ ይዤው ቤቴ ገባሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቶሎ የምንጠይቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለን ነው። ሹፌሩ «ከመኪናዬ ኋላ ምን አስኬዳቸው?» ይላል፤ እግረኛው «በእግረኛ መንገድ ላይ ምን አመጣው?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እግረኛም ቢሆን ሞተሩ በተነሣ መኪና ኋላ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ማለፍ የለበትም። ጥንቃቄ የሁለቱም ግዴታ ነው፤ ግን የሁለቱም ነው ማለት እኩል ነው ማለት አይደለም። የእኒያ እናት ስሕተት የሚያስከፍለው የራሳቸውን ሕይወት ነው፤ የሹፌሩ ስሕተት የሚያስከፍለው የሌላውን ነው። ደግሞም ሁሉም እግረኛ መጠንቀቅ አይችልም። ከመኪና ኋላ ቁጢጥ ብሎ ብይ የሚጫወት ልጅ በስፖኪዮ አይታይም። መስማት የተሳነው ጡሩንባውን አይሰማም። የእኛ ጥንቃቄ በእነርሱ ጥንቃቄ ላይ ከተመሠረተ ቀድመው የሚጎዱት ደካሞቹ ናቸው።

ሰቆጣ ጥንት የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ያኔ «መንዳት» ማለት አህያን ወይም በቅሎን ከኋላ ሆኖ መንዳት ነበር፤ ነጂው ጭነቱንም መንገዱንም ፊት ለፊቱ ያያል። ዛሬ ሹፌሩ ከፊት ተቀምጧል፣ ጭነቱ ከኋላው ነው። ቃሉ ያው ነው፤ ማየቱ ግን ቀርቷል።

ስለዚህ ወደ ኋላ ለሚነዳ ሰው «አላየሁም» የሚለው ቃል ምክንያት ሊሆነው አይችልም። ማርሹን ሲያስገባ እንደማያይ ያውቃልና። በዘጸአት 21 ስለሚወጋ በሬ የተሰጠውን ሕግ አስቡ። በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን በነፍሱ ይጠየቃል። ሁለቱን የለየው ማወቁ ነው።

የአገራችን ሕግም ሸክሙን በዚሁ በኩል ይጭናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ጥፋት የለብኝም ማለቱ ብቻውን አያድነውም። በቁጥር 2086 ደግሞ ተጎጂው ጥፋት ካለበት የባለቤቱ ኃላፊነት በሙሉ ወይም በከፊል ሊቀር ይችላል። ሕጉ የእግረኛውን ጥፋት አልረሳም፤ ግን ከእርሱ አልጀመረም።

ሆኖም ፍርድ ቤትም ሽምግልናም የሚመጡት ከአደጋው በኋላ ነው። ካሳ የሞተን አያስነሣም። በዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። የሚወድቀው እንግዳ ምናልባት ግድየለሽ ይሆናል። እግዚአብሔር ግን ባለቤቱን «እንግዶችህ ይጠንቀቁ» አላለውም፤ ሥራውን ለእርሱ ሰጠው። ፍቅር መከታውን የሚሠራው ማንም ሳይወድቅ ነው።

የእኛ መከታ ምንድን ነው? ለሹፌሩ፣ ማርሽ ከማስገባቱ በፊት ወርዶ ኋላውን ማየት ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለረዳቱ፣ ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ቆሞ መምራት ነው። ለነጋዴው፣ ሸቀጡን ሰብስቦ ለሰው መተላለፊያ መተው ነው። ለእግረኛው፣ የኋላ መብራት ሲበራ ቆም ብሎ፣ የአዛውንቱን ክንድ ወይም የሕፃኑን እጅ መያዝ ነው።

እኛ ወጣቶች ደግሞ ከቅርባችን እንጀምር። እሑድ ፕሮግራም ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ልጆች ከሰንበት ትምህርት ክፍል እየሮጡ ይወጣሉ፣ መኪኖችም በዚያው ሰዓት ወደ ኋላ ይወጣሉ። በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነን መኪኖቹ ኋላ ብንቆም፣ ልጆቹ እስኪያልፉ እጃችንን አንሥተን ብናስቆም ምን ይጎድልብናል? ማንም አያጨበጭብልንም፤ ያልደረሰ አደጋ አይወራምና። ልጆቹ ግን እየሮጡ ቤታቸው ይገባሉ።