ድውይን መርዳት ኃጢአትን ማጽደቅ ነውን?

ሰው ሲታመም አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ሕመሙ ነው ወይስ ስለ ኃጢአቱ? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም፥ የኤች.አይ.ቪ ሕመም ዛሬም በደጃችን አቁሞታል።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ፥ በደባርቅና በዳባት፥ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርዶ ይህን ሕመም ይዞ የተመለሰ ጎልማሳ ቢኖር፥ የሚያዝንለት አያጣም። ሕመሙ ወንድ ከወንድ ጋር በሚፈጽመው ሩካቤ የመጣ እንደ ሆነ ግን ርኅራኄው ወዲያው ይደርቃል፤ «ይህንስ ማከም ኃጢአትን ማጽደቅ ነው» የሚልም አይጠፋም።

እኛ ግን ሁለቱን ለይተን ልናይ ይገባናል። ቤተ ክርስቲያናችን ግብሩ ኃጢአት ነው ብላ ታስተምራለች፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። ነገር ግን ስለ ግብሩ መፍረድ አንድ ነገር ነው፤ ድውይን ከመድኃኒት መከልከል ሌላ ነው። ጌታችን በቤተ ሳይዳ 38 ዓመት የታመመውን መፃጉዕ አስቀድሞ ፈወሰው፤ ስለ ኃጢአት የመከረው ግን ኋላ በመቅደስ ባገኘው ጊዜ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል።

ሰው እንዳይገለጥበት የፈራ እንደ ሆነ አይመረመርም፤ ያልተመረመረም መድኃኒት አይጀምርም። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ይህ ፍርሃት ይበረታል። ከእነዚህ ሰዎች ሚስትና ልጆች ያሉአቸው አሉና፥ የተሸሸገው ሕመም ምንም ወደማታውቀው ሴትና ወደ ማኅፀኗ ፍሬ ይደርሳል። በአንጻሩ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እየወሰደ፥ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በሩካቤ ወደ ሌላ አያስተላልፍም፤ ላልያዘው ሰውም አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ድውዩ ሊረዳ የሚገባው ለሌሎች ስለሚጠቅም ብቻ አይደለም፤ እርሱ ራሱ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና።

ለቤተ ክርስቲያንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ያለ ዋጋ ሲታደል፥ በእንጦጦ ማርያም እየተጠመቁ እርሱን የተዉ ሕሙማን ነበሩ፤ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ አስተማሩ። ጸበሉም ሆነ መድኃኒቱ ድውዩ ከወዴት እንደ መጣ አይጠይቅም።

እንግዲህ የንስሐ አባቶች የሆንን ሁሉ፥ እንዲህ ያለ ሰው ወደ እኛ ቢመጣ ምሥጢሩን እንጠብቅለት፤ ወደ ሐኪም እንምራው፤ ለሚስቱ በራሱ አንደበት እንዲነግራት እናበርታው፤ ስለ ነፍሱም በትዕግሥት እንምከረው። ያባረርነው ሰው ወደ ንስሐ የሚመለስበትን ደጅ ዘግተንበታል፤ ሳይታከም የሞተውም ከእንግዲህ ንስሐ የሚገባበት ዕድሜ የለውም።