የእንግዳ ድርሻ በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ

በማዕድ ላይ እንጀራው አንሶ ሳለ እንግዳ ከደጅ ቢቆም ባለቤቱ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? አገራችን ይህን ጥያቄ በቃል ከመመለስ ይልቅ እንጀራዋን እየቆረሰች ስትመልስ ኖራለች፤ እንጀራ ይቆረሳልና የአንዱ ለሁለት ይበቃል። የማይቆረስ ነገር በመጣ ጊዜ ግን ጉዳዩ ይከብዳል። ለአንድ ሰው ተመጥኖ የተዘጋጀ የክትባት መድኃኒት ለሁለት ቢከፈል ለሁለቱም አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱ ሲቀበል ሌላው መጠበቁ ግድ ነው። ውድ አንባብያን ሆይ፥ በ2013 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ፥ ፒያሳ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ያየሁትን ላቀርብላችሁ የወደድሁት፥ በዚያን ቀን ልቤ የፈረደውን ፍርድ እስከ ዛሬ ድረስ ስመረምረው ስለምገኝ ነው።

በመጀመሪያ ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። የኮቪድ 19 ሕመም ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሕመሙ የተገኘበት የመጀመሪያው ሰው የጃፓን ተወላጅ ነበር። ይህ ወሬ በተሰማ ሰሞን በአንዳንድ ስፍራ የውጭ አገር ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ «ኮሮና» እየተባሉ ተሰደቡ፤ ተንገላቱም። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን የምንመካ ሰዎች ሆነን ሳለ ፍርሃት በጥቂት ቀን እንዲህ አደረገን። ልክ በዓመቱ፥ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የመጀመሪያው ክትባት ተሰጠ። ቀደም ብሎ በየካቲት ወር መጨረሻ ወደ አገር የገባው መድኃኒት አስትራዜኔካ የሚባለው ዓይነት፥ በህንድ አገር የተሠራ፥ ብዛቱም 2 ሚሊዮን 184 ሺሕ መጠን ነበር። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መከተብ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ ይህ ከመቶው ለአንዱ ያህል ብቻ የሚደርስ ነው። ስለዚህ የጤና ሠራተኞች ቀደሙ፤ ቀጥሎም አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ተጠሩ።

በግንቦት ወር፥ ከትንሣኤ በኋላ፥ የቅኔ መምህሬ የነበሩትንና ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈውን መሪጌታ ደግፌ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ጎንደርን ያልረገጠ አንባቢ እንዲረዳው፥ ፒያሳ ማለት ጣልያን አገራችንን በያዘ ዘመን ሠርቶት የሄደው፥ ስሙንም ከቋንቋው ትቶልን ያለፈው የከተማይቱ መካከል ነው፤ ከአጤ ፋሲል ግንብ ብዙ አይርቅም፤ እንግዳ ሁሉ ቡናውን የሚጠጣው በዚያ ነው። ከዚህ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ብዙ ዓመት የኖረ፥ ጫማ ጠራጊ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት፥ ከምዕራብ አገር የመጣ አንድ መምህር በጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ቆሞ አገኘነው። ዕድሜው ከስድሳ አልፏል፤ የስኳር ሕመምም አለበት። ለመከተብ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ከሰልፉ አልገባም።

መሪጌታ ምክንያቱን ጠየቁት። በአገሩ የእርሱ እኩዮች ተከትበው መጨረሳቸውን፥ የአገሩ መንግሥት ግን በውጭ ላሉት ዜጎቹ መድኃኒት አለመላኩን ነገራቸው። ቀጥሎም በአማርኛ፥ «ይህ ለእናንተ የመጣ ነው፤ ለእናንተም አልበቃም፤ እኔ ልወስደው ይገባኛል ወይ?» አለ። በጎንደር አደባባይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከባዕድ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከውስጥ ነርሷ ወጥታ ትቈጥረን ጀመር። የመድኃኒቱ ብልቃጥ አንዲቱ ለአሥር ሰው የምትበቃ ናት፤ ከተከፈተች በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀች የቀረው ይደፋል። በዚያን ቀን የተገኘነው ዘጠኝ ነበርን። በከተማው ብዙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ነገር ግን ስለ ክትባቱ የተነዛው ክፉ ወሬ እግራቸውን አስሮታል። (ወሬው ከየት እንደ መጣ መዘርዘር አልሻም፤ ከእኛ ከካህናቱና ከመምህራኑ አፍ የወጣ እንዳለበት ግን መካድ አይገባም።) ነርሷ ባዕዱን መምህር ተመልክታ፥ «አሥረኛው እርስዎ ነዎት፤ ይግቡ» አለችው። እርሱ አመነታ። ያን ጊዜ መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፥ «ልጄ፥ ከቤታችን ገብተህ ጠላችንን ስትጠጣ የእናንተ ነው ብለህ አልተውኸውም። ደግሞስ ብታስል ትንፋሽህ የሚያገኘው እኔን ነው እንጂ የአገርህን ሰው ነውን?» አሉት። ገባ፤ ተከተበም።

እኔ ግን በልቤ ቅር አለኝ። እናቴ በዚያን ጊዜ በዳባት ወረዳ በገጠር ነበረች፤ ገና አልተከተበችም። የባዕዱን ክንድ እያየሁ፥ ይህ የእናቴ ድርሻ ነበር ብዬ አሰብሁ። ለማንም አልተናገርሁትም።

አሁን ነገሩን በሚዛን ስናየው፥ ሒሳቤ ስሕተት እንደ ነበረ ለማወቅ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። ያች አሥረኛይቱ መጠን ማታ ትደፋ ነበር እንጂ ወደ ዳባት አትሄድም ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ መጽናናት ነገሩን ማቅለል ነው። አሥራ አንደኛ ሰው፥ የጎንደር ተወላጅ ሽማግሌ፥ በዚያች ሰዓት ቢደርስስ ኖሮ? ከሁለቱ ለማን ይሰጥ ነበር? አንዳንዱ ለአገሩ ልጅ ይላል። እኔ ደግሞ፥ ይበልጥ ለታመመው፥ ሕመማቸው እኩል ከሆነም ቀድሞ ለመጣው እላለሁ። መድኃኒት በልደት የሚወረስ ርስት አይደለምና። ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን አንሥቶ ወደ እንግዶች ማደሪያ በወሰደው ጊዜ የማደሪያው ጠባቂ የሕመምተኛውን ወገን ሲጠይቅ አናነብም።

እዚህ ላይ ግን ለባዕዱ ራሱ የሚነገር ቃል አለ። ከአገሩ ማግኘት የሚችል ሁሉ አስቀድሞ ከአገሩ ይጠይቅ። በዚያው ዓመት የቻይና መንግሥት በውጭ ያሉ ዜጎቹን ለማስከተብ ዘመቻ አወጀ፤ ፈረንሳይም በውጭ ለሚኖሩ ዜጎችዋ መድኃኒት ላከች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለሠራተኞቹ የራሱን ክትባት አዘጋጀ። የአሜሪካ መንግሥት ግን በውጭ አገር በግላቸው ለሚኖሩት ዜጎቹ የመከተብ ዕቅድ እንደሌለው ተናገረ። እንግዲህ ቤቱ የሞላለት ሰው ከድኻ ማዕድ መቅደም አይገባውም፤ ቤቱ የረሳው ግን ካለበት ቤት በቀር ሌላ ቤት የለውም።

ጎንደር ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በአጤ ዮሐንስ ጻድቁ ዘመን፥ ፈረንጆች ከአገር እንዲወጡ የተወሰነባት ይህችው ከተማ ናት፤ ለዚያ ውሳኔ ምክንያት ነበረው፥ የሃይማኖት ጦርነት ቍስል ገና አልሻረም ነበርና። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ፥ በ1762 ዓ.ም.፥ ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ሲገባባት በቁስቋም፥ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ ሰብ ላይ ፈንጣጣ ወርዶ ነበር። በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ ሕሙማኑን እንዲያስታምም ተጠርቶ በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ አጠነ። ኤድዋርድ ጄነር የፈንጣጣን ክትባት የሞከረው ከዚያ በኋላ በ1788 ዓ.ም. ነውና፥ ብሩስ በእጁ የያዘው ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም፥ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. ሥራ ሲጀመር፥ ከአሜሪካና ከጃፓን የመጡ ወጣቶች ከአገራችን ልጆች ጋር ሆነው በደጋውና በቈላው ሲዞሩ ኖሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ባዕድ ክንዳችንን ሲከትብ የተቀበልን ሰዎች፥ ባዕድ ክንዱን ሲዘረጋልን ምን ብለን እንመልሰዋለን?

ይህን ሁሉ ብናገርም ልቤን የመለሰው ታሪክ አይደለም፤ የእኅቴ ስልክ ነው። እኅቴ በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። በዚያው ወር ደውላ ስለ እናታችን ስትጠይቀኝ፥ እርስዋ ከተከተበች መሰንበቱን እንደ ቀላል ነገር ነገረችኝ። ሳዑዲ ዐረቢያ ለዜጋውም ለነዋሪውም ያለ ዋጋ ትሰጥ ነበርና። ስለዚህ ከቤተ ሰባችን ሁሉ አስቀድማ የተከተበችው በሰው አገር ያለችው ሆነች። በዚያ ሰልፍ ከኋላዋ የቆመ የአገሩ ሰው፥ ይህች የእናቴን ድርሻ ወሰደች ብሎ አስቦ ይሆን? ሁሉም ስደተኛ እንደ እርስዋ አልቀናውም። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት ብዙ ኢትዮጵያውያት ሠራተኞች በአሠሪዎቻቸው ተጥለው በቆንስላው ደጅ በመንገድ ላይ ማደራቸውን ሁላችንም ሰምተን አዝነናል። በቤይሩት ያዘንነው ነገር በፒያሳ ሲሆን ደስ ሊለን አይገባም ነበር።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ገጠመው። በሰኔ ወር መጨረሻ ልጁን ሊጠይቅ ወደ አውሮፓ ለመሄድ ሲያስብ፥ በዚያ አዲስ የወጣው የጉዞ ምስክር ወረቀት በህንድ የተሠራውን አስትራዜኔካ እንደማይቀበል፥ በአውሮፓ የተሠራውን ግን እንደሚቀበል ሰማ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ አንዱ ኮቪሺልድ፥ ሌላው ቫክስዜቭሪያ ነው። አንዳንድ መንግሥታት ወዲያው ሲቀበሉት ሌሎች ዘገዩ። ካርዱን ይዞ መሪጌታ ዘንድ መጥቶ ሲያሳያቸው ገልብጠው አዩትና፥ «ወርቁ አንድ ሆኖ ሳለ በሰሙ ተጣሉ በለኛ!» ብለው ሳቁ። እንግዳው ከእኛ ጋር ለመቈጠሩ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላየሁም፤ በገዛ አገሩ ደጅ እንደ እኛ ሆኖ ቆመ።

በነሐሴ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ እናቴ ከጎረቤቶችዋ ጋር ተፈናቅላ ወደ ጎንደር መጣች። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ብዙ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸው ከኢትዮጵያ እንዲወጡ አሳሰቡ፤ መምህሩም እያለቀሰ ሄደ። መሄድ የሚችል ሰው ነበርና ሄደ፤ እኛ መሄጃ የለንም። ይህ በእርሱና በእኛ መካከል ያለ እውነተኛ ልዩነት ነው፥ ልሸፍነው አልሻም። ነገር ግን በግንቦት የተቀበለው መድኃኒት በኅዳር በመሄዱ ስርቆት አይሆንም፤ አብሮን በነበረበት ጊዜ አብሮን ሊታመም ይችል ነበርና።

በዚያው በኅዳር ወር ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉት ሁሉ በዘመቻ መከተብ ተጀመረ። እናቴን ይዤ ሄድሁ። ሰልፉ ረዥም ነበር፤ የሚበዛውም የከተማው ሰው ነው። ተራዋ ሲደርስ ነርሷ፥ «እማማ፥ ከወዴት ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀቻት። «ከዳባት፥ ተሰድጄ» አለች እናቴ፥ እንደ ማፈር ብላ። ነርሷም ሌላ ነገር ሳትጠይቅ የእናቴን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው።