ፍጥሞን በአንድ ቀን ማየት

ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ነገር ይገዛል፤ ቤት ይገዛል፥ ከብት ይገዛል፥ የሌላውንም ሰው ጉልበት በቀን ሒሳብ ይገዛል። ነገር ግን የአንድን ጥንታዊ ስፍራ ዕውቀት በአንድ ቀን ውስጥ ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላልን? የሚችል ከሆነስ ያ የገዛው ነገር ዕውቀት ተብሎ ሊጠራ ይገባዋልን? ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በዛሬው ዘመን በግሪክ ደሴቶች ወደብ ላይ በማለዳ የሚሆነውን ቢመለከት ይበቃዋል። ከመርከብ የሚወርደውን እንግዳ ስሙን በወረቀት ጽፎ የሚጠብቅ አስጎብኚ አለ፤ መኪና ተዘጋጅቷል፤ ቀኑም ከሰዓት እስከ ሰዓት ተከፋፍሏል። እንግዳው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተሰልፎ እንዳይሄድ፥ አስጎብኚውም ለእርሱና ለቤተሰቡ ብቻ እንዲናገር፥ ዋጋው አስቀድሞ ተከፍሏል።

ከነዚህ ደሴቶች መካከል ለምሳሌ የምናነሣት ፍጥሞ ናት። ግሪኮች ፓትሞስ ይሏታል፤ እኛ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ በለመድነው ስሟ እንጠራታለን። ስሟን በራእየ ዮሐንስ መጀመሪያ ምዕራፍ ያልሰማ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ጥቂት ነው፤ በካርታ ላይ ጣቱን የሚያኖርባትም እንዲሁ ጥቂት ነው። በኤጂያን ባሕር ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከታናሽ እስያ ጠረፍ ሳትርቅ የምትገኝ፥ ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋያማ ደሴት ናት። የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት እንግዳዋ ሁሉ በባሕር ይመጣል። በሮም ድምጥያኖስ በነገሠበት ዘመን፥ በ95 ዓ.ም. ገደማ፥ ዮሐንስ ወደዚህች ደሴት ተግዞ እንደ መጣ ትውፊት ይናገራል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1088 መነኩሴው ክሪስቶዱሎስ ደሴቲቱን ከቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት ከአሌክሲዮስ ኮምኒኖስ በስጦታ ተቀብሎ፥ በኮረብታው ራስ ላይ በዮሐንስ ስም ገዳም መሠረተ። ገዳሙ ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ የባሕር ወንበዴ በሚመላለስበት ስፍራ የተሠራ ስለ ሆነ ምሽግም ነበረ። ከዚያ ወዲህ ቱርክ ገዛት፤ በ1912 ኢጣልያ ያዘቻት፤ በ1948 ከግሪክ መንግሥት ጋር ተቀላቀለች፤ በ1999 ገዳሙና የራእዩ ዋሻ ከላይኛው ከተማ ከኾራ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ይህን ሁሉ አስጎብኚው ከወደቡ ከስካላ ተነሥቶ ኾራ እስኪደርስ ድረስ ይናገረዋል። ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚያልፈው በጥቂት ደቂቃ የመኪና መንገድ ነው።

አስጎብኚ መያዝን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ዓይን ያለው ሰው ሌላ ዓይን መከራየት ምን ያስፈልገዋል ይላሉ። ይህ ነቀፌታ ለእኛ አይዋጥልንም። በዋሻው ጣሪያ ላይ በሦስት የተሰነጠቀውን ዐለት ያልተነገረው ሰው ቢያየው ስንጥቅ ብቻ ነው የሚያየው፤ የአገሩ ምእመናን የሥላሴ ምሳሌ እንደሚያደርጉት፥ የራእዩም ድምፅ ከዚያ እንደ ተሰማ እንደሚያምኑ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞም በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የሕንደኬን ጃንደረባ እናስብ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ፊልጶስ ሲጠይቀው፥ የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት ሹም ሆኖ ሳለ፥ የሚመራኝ ያስፈልገኛል ለማለት አላፈረም። ይልቁንም ሰውየውን አውጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። የግል አስጎብኚ ነገር የተጀመረው በዚህ በአገራችን ሰው ሠረገላ ላይ ነው ብንል አንባቢ ይቅር ይለናል። ነገር ግን የታሪኩን መጨረሻ መዘንጋት አይገባም። ጃንደረባው ከውኃው ከወጣ በኋላ መሪው ከዓይኑ ተሰወረ፤ እርሱም ደስ እያለው ብቻውን መንገዱን ሄደ። ፊልጶስ ዋጋ እንደ ተቀበለም አልተጻፈም።

የእኛ ጭንቀት የሚጀምረው ከዚሁ ከዋጋው ላይ ነው። ይህን ስንል አስጎብኚዎችን ለማዋረድ አይደለም፤ በግሪክ አገር ሥራው ትምህርትና የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ የተከበረ ሙያ ነው። ነገር ግን አስጎብኚ ለብዙ ሰው በሚናገርበት ጊዜ ንግግሩ ለማኅበሩ ነው፤ አንዱ ቢያዛጋ ሌላው ይሰማዋል። ለአንድ ሰው ብቻ በሚናገርበት ጊዜ ግን ፊት ለፊቱ ያለው የከፋዩ ፊት ነው። ከፋዩ ሲሰለች ያያል፤ ሲደነቅም ያያል። ከዚህ በኋላ ምላሱ ወደሚያስደንቀው ነገር ቢያዘነብል የሰው ባሕርይ ነው። በዋሻው ግድግዳ ላይ ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ነው የሚባል ጎድጎድ ያለ ስፍራ አለ፤ ሲነሣ እጁን የተደገፈበት ነው የሚባልም ሌላ አለ፤ ሁለቱም በብር ተከብበዋል። እዚህ ላይ «የሚባል» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ትንሽ ቃል ናት፤ ብትቀር እንግዳው ይበልጥ ይደነቃል፥ ጉርሻውም ይበልጥ ይሆናል። አስጎብኚው ራሱ የሚያምን ሰው ቢሆንስ ቢሉን፥ «እናምናለን» ማለት ይችላል እንላለን፤ በዚህ ቃል ውስጥ ሐሰት የለበትም፥ እንዲያውም «የሚባል» ከማለት የበለጠ ነው። ክፉው ነገር የማያምነውን እንደሚያምን፥ ያላረጋገጠውንም እንዳረጋገጠ አድርጎ ለደስታ ሲሉ መናገር ነው። ጥፋቱም የተናጋሪው ብቻ አይደለም። ለአንዲት ቀን ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ጥርጣሬ እንዲሸጡለት አይፈልግም፤ ያልተባለውንም ሳይቀር በፊቱ አኳኋን ያስብላል።

ይህን ነገር ከእኛ እጅግ አስቀድሞ የመረመረ ፈላስፋ አለ። ሊቃውንቶቻችን አፍላጦን የሚሉት ፕላቶ፥ «ፋይድሮስ» በተባለው መጽሐፉ ሶቅራጥስ ስለ አንድ የግብፅ ንጉሥ ሲተርክ ያሳየናል። ቴውት የሚባለው አምላክ ጽሕፈትን ፈልስፎ ለንጉሡ ለታሙስ ባቀረበለት ጊዜ፥ ንጉሡ እንደ ተጠበቀው አላደነቀለትም። ሰዎች በዚህ ፈጠራ ብዙ ነገር እየሰሙ ሳይማሩ ይቀራሉ፥ ዐዋቂዎች ሳይሆኑ ዐዋቂዎች ይመስላሉ ብሎ ሰጋ። ከአንድ ቀን ጉብኝት የተመለሰ ሰው በእራት ገበታ ላይ ስለ ቢዛንታይ ሲያስተምር የሰማ ሁሉ የንጉሡ ስጋት ይገባዋል።

የሚገርመው ግን ይኸው የፕላቶ ጽሑፍ በፍጥሞ ይኖር እንደ ነበረ ነው። በኋላ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ለሆነው ለአሬታስ በ895 በብራና ተገልብጦ የተሰጠው የፕላቶ መጽሐፍ፥ ፋይድሮስን ጨምሮ 24 ምልልሶችን እንደ ያዘ፥ በገዳሙ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሳለ በ1801 እንግሊዛዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ዳንኤል ክላርክ አገኘው። ክላርክም እንደ ዛሬዎቹ ብዙ ያልቆየ እንግዳ ነበረ። ከገዳሙ አለቆች ገዝቶት ሄደ፤ በ1809 መጽሐፉ በኦክስፎርድ ወዳለው ወደ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ዛሬም እዚያው ነው። አለቆቹ መጻሕፍቱን ማንበብ አይችሉም ነበር ሲል ክላርክ ራሱ ጽፏል።

እንግዲህ አንዱ ሳያነብ ጠበቀ፤ ሌላው ዐውቆ ወሰደ። ከሁለቱ ፍጥሞን ያየው ማን ነው? ለክላርክ የሚከራከሩ ሰዎች መልስ አላቸው፤ ባይወስደው ምናልባት ይበሰብስ ነበር፥ ዛሬ ግን የዓለም ሊቃውንት የፕላቶን ቃል የሚያቀኑት በእርሱ ነው ይላሉ። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም፤ ሙሉ ግን አይደለም። በ6ኛው ምዕት ዓመት በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም ከተጻፈው ወንጌል 33 ቅጠሎች ዛሬም በፍጥሞ ገዳም ይገኛሉ፤ ሳይወሰዱም አልበሰበሱም። የዋጋውን ታላቅነት ማወቅ ለመውሰድ መብት የሚሰጥ ከሆነ፥ ማንም ሊቅ በማንም ባላገር ቤት እየገባ ያሻውን ሊያነሣ ነው። እኛም በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት በለንደን በመልካም ይጠበቃሉ ሲባል የምንሰማ ሕዝብ ነን። የመቅደላው ዝርፊያ፥ የፍጥሞው ግዢ ነውና ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ የሚሰጠው ምክንያት ግን ወንድማማች ነው።

የአንድ ቀን እንግዳ መጽሐፍ አይወስድም፤ ሕጉም አይፈቅድለትም። የሚወስደው ነገር ግን አለ፤ «ፍጥሞን አየሁ» የሚለውን ቃል ይወስዳል። ይህን ቃል የሚያበድረው ስፍራው ነው፤ በገንዘብ የተከፈለው የአስጎብኚው ድካም፥ የመኪናው ነዳጅና የምሳው ሒሳብ ብቻ ነውና።

ዮሐንስ ወደዚህ ደሴት ሲመጣ መመለሻ ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ስንል ግዞትን ማመስገናችን አይደለም፤ ግዞት የግፍ ሥራ ነው፥ ከግፍ ውስጥ ራእይ ቢወጣም ምስጋናው ለግፈኛው አይሆንም። መቆየት ብቻውን እንደማያሳይም የክላርክ ዘመን አለቆች ምስክር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመጽሐፉ ጋር ኖሩ፥ መጽሐፉን ግን አያውቁትም። ነገር ግን የመርከቡን ሰዓት በልቡ ይዞ የገባና ያልያዘ ሰው አንዱን ዋሻ እኩል አያዩትም። የመጀመሪያው ስፍራውን ይጠይቃል፤ መቼ ተሠራ፥ ማን ሠራው፥ ስንት ክንድ ነው ይላል፤ ለዚህም ሁሉ መልስ ያገኛል። ሁለተኛውን ግን ስፍራው ራሱ ይጠይቀዋል። በዚያ ዋሻ ውስጥ ያለው ጥያቄ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በመንግሥት የተፈረደበት፥ ወዳጅ የራቀው አንድ ሽማግሌ፥ ያን ጊዜ የማይናወጥ ይመስል የነበረውን የሮምን ኃይል ወዳቂ አድርጎ ለማየት ከምን የተነሣ ቻለ የሚል ነው። ለዚህ ምላሽ የሚሰጥ አስጎብኚ የለም፤ የሚሰጥ ቢገኝም ልንሸሸው ይገባል።

ስለዚህ አንዲት ቀን ብቻ ያለችው ሰው ወደ ፍጥሞ አይሂድ አንልም። ይሂድ፤ አስጎብኚም ይያዝ፤ «ይህን በምን ዐወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቀው፤ «አላውቅም» የሚል መልስ ሲሰማም ገንዘቡ እንደ ከሰረ አይቍጠር። የዋሻው ታሪክ በደጅ፥ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ደረጃ ሳይወርዱ ይነገረው፤ ከዚያ በኋላ አስጎብኚው በውጭ ይቆየው። ለዚህ ሰዓት አይበቃም እንደ ተባለ ከመርሐ ግብሩ አንዱ ነገር መሰረዝ አለበት፤ እኛ የምንሰርዘው በባሕር ዳር የሚበላውን ምሳ ነው፤ ዳቦና የወይራ ፍሬ በስካላ ገዝቶ መርከብ ላይ መብላት ይቻላል።