እንጦጦ ላይ ያላነሣነው ሸክም



ባለፈው ጥር ወር ወደ እንጦጦ ስላደረግነው ጉዞ በዚህ ዓምድ ዘገባ እንድናቀርብ ታዝዘን ነበር። ስንት ሰዓት ተነሥተን ስንት ሰዓት እንደ ተመለስን፥ ምን እንደ ቀመስንና ማን መዝሙር እንዳወጣ ለመጻፍ ወረቀት ዘርግተን ከተቀመጥን በኋላ ግን ሁላችንም ስለ አንድ ነገር ብቻ ስንከራከር ተገኘን። ስለዚህ ዘገባውን ትተን ያንኑ ነገር እንጽፋለን። ዳቦውና ቆሎው ለሁሉም እንደ በቃ ብቻ ይመዝገብልን።

ከየካ አባዶ የተነሣነው ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። በአውቶቡስ እስከ መገናኛ፥ ከዚያም በታክሲ እስከ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ ደርሰን የቀረውን ዳገት በእግራችን ወጣነው። የሸማ ሱቆቹን አልፈን ሽቅብ ስንል የመኪናው ጩኸት እየራቀ የባሕር ዛፉ ሽታ እየቀረበ መጣ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ነውና ትንፋሽ ያሳጥራል። በጉልበቱ የሚመካ አንድ ወንድማችን ሦስት ጊዜ «ጫማዬን ልሰር» ብሎ ሲቀመጥ አይተን፥ ስለ ፍቅር ዝም ብለነዋል።

እንጦጦ ማርያምን ተሳለምን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በዚህ ስፍራ ነው። ከዚያ ወደ ጫካው ገብተን ከተማይቱን ቁልቁል ከሚያሳየው ሰገነት ላይ ቆምን። እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የመናፈሻ ስፍራ ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ መንገዱም፥ መቀመጫውም፥ መመልከቻውም ተሠርቶለታል። ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበር በስተ ምዕራብ ወጨጫን፥ ከእርሱ ቀጥሎ ፉሪን፥ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የረርን ለየን። የራሳችንን ሰፈር ግን ብዙ ፈልገን አጣነው። ከዚያ ላይ ሲያዩዋት አዲስ አበባ ድምፅ የላትም። ያ ሁሉ ጥሩምባ፥ ያ ሁሉ የታክሲ ረዳት ጥሪ፥ ያ ሁሉ የግንባታ ጩኸት የት እንደ ገባ አይታወቅም። ማንም «ዝም በሉ» ሳይለን ዝም አልን። ነፋሱ የዛፉን ጫፍ ሲያወዛውዝ ብቻ ይሰማ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀመጥን፤ ከመካከላችን አንዷ «ሰው እዚህ ቢኖር ክፉ አይሆንም ነበር» አለች። ሁላችንም በልባችን አሜን አልን።

ክፉ አለመሆናችን የተፈተነው ስንወርድ ነው።

ከመናፈሻው ክልል ወጥተን ቁልቁል በሚወስደው አቀበት ላይ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከመንገዱ ዳር ካለ ከፍታ ላይ አስደግፈው ቆመው አገኘን። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ላዩ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ በገመድ ተጠፍሯል። «ልጆቼ፥ እስቲ አሸክሙኝ» አሉን። ሁለት ወንድሞች ወዲያው ቀረቡ። አንዲት እኅታችን ግን «ቆዩ» አለች። ከደረቁ ቅጠል ሥር አዲስ የተቆረጠ እርጥብ እንጨት፥ ከእርሱም ጋር የጽድ ቅርንጫፍ አይታ ነበርና ነው። ጽድ መቁረጥ ክልክል ነው። ሁለቱ ወንድሞች እጃቸውን ሰበሰቡ። አንዱ «የተቆረጠ ተቆርጧል» አለ፤ ሌላው «ብናሸክማቸው ተባባሪ ነን» አለ፤ ሦስተኛው ስለ አፈር መሸርሸር መናገር ጀመረ። እኛ እንዲህ ስንል እናትየዋ በጉልበታቸው ተንበርክከው፥ ገመዱን በትከሻቸው አሳልፈው፥ አንዴ ሞክረው አቃታቸው፥ ሁለተኛም አቃታቸው፥ በሦስተኛው ተነሡ። ወደ እኛም ሳያዩ ወረዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ያመነታነው በኅሊና ነው ወይስ ኅሊና የሚመስል ሌላ ነገር ነበር?

«ቆዩ» ያለችውን እኅታችንን ማንም እንዲነቅፍብን አንፈልግም፤ ምክንያቷ ቀላል አይደለም። የሐበሻ ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ የነዚህ ተራሮች የጥንት ልብስ ነበሩ። ዛሬ በብዛት ተጠብቀው የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢና ችግኝ ተተክሎ በሚጠበቅበት ቦታ ነው። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፥ በጥቂት ዓመትም አጣና ይሆናል። ጽድ ግን እንዲህ አይደለም፤ አንድ ጽድ ለማደግ የአንድን ሰው ዕድሜ ይፈልጋል። ዛሬ የተቀጠፈው ቅርንጫፍ ገና ያልተወለዱ ልጆች ጥላ ነው። እነርሱ በዚያ መንገድ ቆመው «ተዉልን» ሊሉ አይችሉም፤ እኅታችን ስለ እነርሱ ተናገረች። ይህን ሁላችንም እንቀበላለን።

ነገር ግን ጥንት የነበረውን ደን የጨረሰው ማን ነው? እኚያ እናት አይደሉም። ከተማ ሲቆረቆር እንጨት ይበላል፤ ለቤቱ፥ ለአጥሩ፥ ለምድጃው። አዲስ አበባ በተመሠረተች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የሚነድ ጠፍቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ከመፍረስ ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው፤ መነሻው አውስትራሊያ ነው። እኛ ስሙን ከመንገዱ ወስደን ባሕር ዛፍ አልነው። እንግዲህ ያ ጸጥ ያለው ጫካ፥ እኛ እንደ ገዳም ያየነው፥ ከመጀመሪያው ለማገዶ የተስፋፋ ነበር። ማገዶውን ደግሞ ከተራራው ወደ ምድጃው ያወረደው በብዛት የሴት ጀርባ ነው። የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ግንበኞቹ የቆሙበት መወጣጫ የባሕር ዛፍ አጣና ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችን እንጀራ የጋገሩት በዚሁ እንጨትና ቅጠል ነው። ከመካከላችን በእንጦጦ ቅጠል ያልተጋገረ ከሚበላ ቤተሰብ የወጣ ካለ እጁን ያንሣ።

ይህ የኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ፥ ከኦክላንድ ከተማ ጀርባ ባሉት ኮረብታዎች ሬድዉድ የሚሉት ቀይ ግንድ ያለው ግዙፍ ዛፍ ጫካ አለ። የዚህ ዛፍ ዘር በሌላ ስፍራ ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል፥ ከ2000 ዓመት በላይ የኖረም ተገኝቶበታል። በኦክላንድ ኮረብታ የነበሩት እጅግ ረጃጅም ከመሆናቸው የተነሣ መርከበኞች ከሩቅ እያዩ ወደቡን ይለዩባቸው ነበር። በፈረንጆች በ1850ዎቹ አካባቢ ሳን ፍራንሲስኮና አካባቢዋ ሲገነቡ እነዚያ ዛፎች ተመነጠሩ። ዛሬ ሰው ለዕረፍት የሚሄድበት ጫካ ከጉቶው ዳግም ያቆጠቆጠው ነው። በዚያም ያለ ጎብኚ እንደ እኛው ጸጥታውን ሲያደንቅ የቆመው በአሮጌ ጉቶዎች መካከል ነው። መጋዙን የጎተተው ሰው ስም ግን በሰገነቱ ላይ አይታሰብም።

እንግዲህ ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። በኦሪት ዘጸአት የጠላትህ አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታይ አብረህ አንሣ የሚል ትእዛዝ እንዳለ ከትምህርታችን እናውቃለን። ጭነቱ ከየት እንደ መጣ መርምር አላለም። ከመካከላችን አንዱ «ጭነቱ የተሰረቀ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ የደረስንበት ይህ ነው፤ ሸክሙን ማንሣትና መቁረጡን መፍቀድ ሁለት ነገሮች ናቸው። ባናሸክማቸው ጽዱ ወደ ግንዱ አይመለስም፤ የሚጎዳው ወገባቸው ብቻ ነው። የዛፉ ተቆርቋሪ ሆነን ከነበረ ደግሞ አሸክመናቸው አብረናቸው እየወረድን «እማማ፥ ስለ ምን ጽዱን?» ልንላቸው እንችል ነበር። ምናልባት መልስ ነበራቸው። እኛ ግን ስለ እርሳቸው ተከራከርን እንጂ እርሳቸውን አላናገርንም። አሁን የሚያሳፍረን ማመንታታችን ሳይሆን ማመንታታችን ምንም ያላስከፈለን መሆኑ ነው። እጃችን ባዶ ነበር፤ አንዳችን እንኳ ውኃ አላቀረብንላቸውም።

እኅታችን በዚህ ሁሉ አትስማማም። «አሸክሞ ዝም ማለት ቀላሉ ደግነት ነው፤ ሁላችሁም ያን ታደርጉና በበጎነታችሁ ደስ ብሏችሁ ትገቡ ነበር» ትላለች። ይህን ስትል መልስ አጥተን ነበር፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለንም። እንጨት መሸከም ትተው በሽመና የሚተዳደሩ እናቶች ማኅበር በሽሮ ሜዳ አካባቢ እንዳለ ግን እናውቃለን፤ ወደዚያ ሄደን ለመጠየቅ ያሰበችው እርሷ ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስት ሆነን ተመለስን። ያቺን እናት አላገኘናትም። ሌሎች ሁለት እናቶች አገኘን፤ አሸክሙን አሉ። ያ ጫማውን ሲያስር የነበረው ወንድማችን «እኔ እስከ ታች ላድርሰው» ብሎ ሸክሙን ራሱ ላይ አደረገ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳይጨርስ ጉልበቱ ተብረከረከ። እናትየዋ ሳቁና ተቀበሉት፤ በቀን አንድ ጊዜ፥ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ እንደሚመላለሱ ነገሩን። እኅታችን ከጎናቸው እየወረደች ስለ ጽዱ ጠየቀቻቸው። «ቅጠሉ ብቻውን ስንት ያወጣል ልጄ?» አሏት፤ ከዚያም እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ስለ ዋጋ፥ ስለ ጥበቃዎችና ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አወሩ። የተባባሉትን ሁሉ እኛ ከኋላ ስለ ነበርን አልሰማንም።

ክረምት ሲገባ የጽድና የወይራ ችግኝ ይዘን እንወጣለን። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን ለእኅታችን አስመዝግቡ። ገመድም የምታመጡ አምጡ።