ጋሻውን የጣለው ባለቅኔ

ጋሻውን ጥሎ ነፍሱን ያዳነ ሰው በደለ ወይስ አልበደለም? ይህን ጥያቄ የምናነሣው በዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የግሪክ ሥነ ጽሑፍ የምንማር ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነን። ጥያቄውን ከራሳችን አላመነጨነውም። ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በ7ኛው መቶ ዓመት የተገጠሙ ሁለት ዓይነት ግጥሞችን ጎን ለጎን ብናነብ እርስ በርስ ተጣሉብን፤ እኛንም አከራከሩን።

ግጥሞቹ «ኤሌጊያ» ይባላሉ። በዛሬዎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉ እንደ እኛ ሙሾ የኀዘን ግጥም ማለት ሆኗል። በጥንቱ ዘመን ግን ስሙ የተሰጠው ለይዘቱ ሳይሆን ለልኩ ነበር፤ ይኸውም አንዱ ረዥም፣ ሁለተኛው አጠር ያለ ሁለት ስንኝ ይጣመራል። ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ ጉባኤ ቃናን ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ ኤሌጊያ ግን ጥንዱን እየደጋገመ ይረዝማል። በግብዣ ላይ ጥንድ ቧንቧ ባለው የትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ ይዜም ነበር። ለቅሶም፣ ምክርም፣ የአገር አስተዳደር ነገርም፣ የጦርነት ቅስቀሳም ይገጠምበታል።

የፓሮስ ደሴት ሰው አርኪሎኮስ ወታደርም ባለቅኔም ነበረ። በአንድ አጭር ኤሌጊያው ከትራቄ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ጋሻውን ከቁጥቋጦ አጠገብ ትቶ እንደ ሸሸ፣ ነፍሱን ግን እንዳተረፈ፣ ከዚያ የማያንስ ሌላ ጋሻም እንደሚያገኝ ሳያፍር ይናገራል። ስፓርታውያን በዚህ ምክንያት ከአገራቸው አስወጡት ሲል ፕሉታርክ ጽፏል። ብዙ አንባቢ ነገሩን እንደ ቀልድ ሲያየው ኖሯል። ነገር ግን በግብፅ ኦክሲሪንኮስ ከተገኙት የፓፒረስ ቁራጮች መካከል ሌላ የአርኪሎኮስ ኤሌጊያ በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። የተበጣጠሰ ቢሆንም፣ በአምላክ ኃይል ተገድዶ መሸሽን ፈሪነት ማለት እንደማይገባ ይናገርና በሚስያ ምድር ከቴሌፎስ ፊት የሸሹትን የግሪክ ጀግኖች ምሳሌ ያመጣል። እንግዲህ ሰውዬው ቀልደኛ ብቻ አልነበረም፤ ስለ መሸሽ በብርቱ አስቦበታል።

የስፓርታው ቲርታዮስ ተቃራኒውን ይገጥማል። ለአገሩ በፊተኛው ሰልፍ ቆሞ የሚወድቅ ወጣት ለእርሱ ውብ ነው። የሸሸ ሰው ግን ከእናቱና ከሽማግሌ አባቱ፣ ከሚስቱና ከትንንሽ ልጆቹ ጋር በሰው አገር እየለመነ ይንከራተታል። ጸጉሩ የሸበተ አባት በፊት ወድቆ ሲሞት ወጣቶቹ ከኋላ ቢገኙ ከዚያ የከፋ ነውር የለም ይላል። ግጥሙን ስናነብ ደማችን ይሞቃል፤ ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለምና።

ደም ማሞቅ ብቻውን ግን እውነት አይደለም። በየሰፈራችን ልጃቸውን ከጦር ሜዳ የጠበቁ እናቶች አሉ። ልጇ በሩን ከፍቶ ሲገባ «መሣሪያህን የት ጣልኸው?» ብላ የጠየቀች እናት አላየንም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ከአርኪሎኮስ ጎን ቆሙ። ነፍስ የእግዚአብሔር ስጦታ ናት፤ ጋሻ ግን ቆዳና እንጨት ነው አሉ።

ሌሎቻችን ደግሞ ፕሉታርክ የተረከውን አመጣን። የስፓርታው ንጉሥ ዴማራቶስ፣ የራስ ቁሩን የጣለ ሳይዋረድ ጋሻውን የጣለ ለምን ይዋረዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ የራስ ቁር ለለባሹ፣ ጋሻ ግን ለሰልፉ ሁሉ እንደሆነ መለሰ። በሰልፍ ውስጥ የአንዱ ጋሻ በግራው የቆመውን ሰው ጭምር ይከልላል። እንዲህ ከሆነ ጥያቄው ለነፍሱ መሳሳቱ አይደለም፤ ጋሻው ሲጣል ጎረቤቱ ምን ሆነ የሚለው ነው። አርኪሎኮስ በተረፉልን ስንኞች ስለዚያ ሰው አንዲት ቃል አይናገርም። ምናልባት ሰልፉ ሁሉ ተበትኖ፣ ከጎኑ የቀረ ሰው አልነበረም ይሆናል። ዝምታው ግን ያስጨንቃል።

ታዲያ ቲርታዮስ ረታ? እንዲህ ብለን ልንጨርስ ስንል ሌሎቹን ቁራጮቹን አገኘን። ስፓርታውያን የተዋጉት የጎረቤታቸውን የመሴኒያን መሬት ለመውሰድ ነበረ፤ አያቶቻቸው ለዚህ 19 ዓመት እንደ ተዋጉ ራሱ ይነግረናል። የተሸነፉትም እንደ አህያ ከባድ ሸክም ተጭነው የምድራቸውን ፍሬ እኩሌታ ለጌቶቻቸው እንደሚያመጡ ይገጥማል። የጭሰኛን ኑሮ ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መሴኒያውያን ነፃ የወጡት ስፓርታ በ371 ቅ.ል.ክ. በሌውክትራ ከተሸነፈች በኋላ ነው። ጎረቤትህን በጋሻህ ከልል የሚለው ባለቅኔ፣ ጎረቤትነትን በሰልፉ ጫፍ ላይ አቁሞታል። ከጋሻው ወዲያ ያለው ሰው ለእርሱ አህያ ነው።

እንዲህ ያሉትን አረማውያን ለምን ታነባላችሁ የሚሉን አሉ። ቅዱስ ባስልዮስ በአቴና ከጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ጋር የተማረ ሲሆን፣ ከግሪኮች መጻሕፍት እንዴት መጠቀም እንደሚገባ ለወጣቶች ጽፎልናል። በዚያም ውስጥ የሶሎንን ኤሌጊያ ሳይቀር ይጠቅሳል። ንብ ከአበባ የሚጠቅማትን ብቻ እንደምትወስድ፣ ጽጌረዳ ለቃሚም እሾኹን እንደሚጠነቀቅ እንድናደርግ ይመክራል። ምክሩን እናከብራለን፤ ሆኖም በቲርታዮስ ዘንድ ችግር ይገጥመናል። ጀግንነቱን ቀስመን አህዮቹን ብንተው፣ ያ ጀግንነት ለምን እንዳገለገለ ሳናውቅ እንቀራለን። እሾኹም አብሮ መነበብ ያለበት ይመስለናል።

በነገራችን ላይ፣ የቲርታዮስ አንድ ረዥም የጦር ኤሌጊያ የደረሰን በአንድ የፍርድ ቤት ክስ ነው። አቴናውያን በ338 ቅ.ል.ክ. በኬሮንያ በመቄዶንያው ፊልጶስ ሲሸነፉ ሌዎክራጥስ የተባለ ሰው በመርከብ ወደ ሮዶስ ሸሸ። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሊኩርጎስ የተባለው ተናጋሪ በ330 ከሰሰው፤ ሞት እንዲፈረድበትም ሲከራከር ግጥሙን ለዳኞቹ አሰማ። ዳኞቹ ድምፅ ሰጡ። አይስኪኔስ እንደሚነግረን ድምፁ እኩል ለእኩል ወጣ፤ በአቴና ሕግም ድምፅ እኩል ሲሆን ተከሳሹ ነፃ ይለቀቃልና ሌዎክራጥስ ወደ ቤቱ ሄደ።