የሦስቱ ልጆች ኦሊምፒክ

የአንድ አባት ሦስት ልጆች ፍራንክፈርት ይኖሩ ነበር። ታላቁ ታክሲ ይነዳል፤ መካከለኛዋ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች፤ ታናሹ መጋዘን ውስጥ እየሠራ ይማራል። አባታቸው አዲስ አበባ፣ ልጆቹ በተወለዱበት አሮጌ ቤት ብቻቸውን ናቸው። እኚህ አባት ሩጫ ነፍሳቸው ነው። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ በማራቶን ማሸነፉን የሰሙት በጎረቤት ሬዲዮ ነበር፤ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት የሯጮችን ስም እያስጠኑ ነው። ከሁሉም ግን ቀነኒሳ በቀለን የሚያህልባቸው የለም።

የ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲቃረብ ሦስቱም አንድ ሐሳብ ያዛቸው። ከፍራንክፈርት ፓሪስ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። እንዲህ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ኦሊምፒክ በሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ ያጋጥማል? መሄዱስ ገንዘቡን ያወጣል?

ታላቁ ብዙም አላመነታም። ዕቁቡ ግንቦት ላይ ደርሶት ነበር። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ ግን ቃል የተገባበት ነበረበት። የአባታቸው ቤት ጣሪያ ዝጎ ስለበሳሳ፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው እንዲቀየር ሦስቱም ድርሻ ድርሻቸውን ሊልኩ ተስማምተዋል። «ጣሪያው መስከረምም ይሠራል፤ ኦሊምፒክ ግን አይጠብቀኝም» አለና የስታዲየም ትኬት፣ የባቡርና የሆቴል ከፈለ። ለሦስት ሌሊት የከፈለው የሆቴል ዋጋ በሌላ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያሳድር ነበር።

ሐምሌ 26 ማታ ስታድ ደ ፍራንስ ከላይኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠ። የአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ እየተፈራረቁ ሩጫውን ሲያፈጥኑት፣ እሱም ሃያ አምስቱን ዙር ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸ። ከዚያ ርቀት የማንንም ፊት መለየት ስላልቻለ አብዛኛውን ጊዜ የተመለከተው በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ነው። በሪሁ በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ30 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር ሲያገኝ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው አቅፎ አለቀሰ። እንደዚያች ሌሊት ተደስቶ አያውቅም።

በዚያው ሰዓት አዲስ አበባ ዶፍ ይወርድ ነበር። አባት ሳሎኑ ሁለት ቦታ ላይ ሲያፈስባቸው ቴሌቪዥኑን ወደ ጓዳ አዛወሩ፤ ከሚንጠባጠበው ሥር ሳፋ ደቀኑ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ሩጫው ሲጀመር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ስለ ጣሪያው ለማንም አልተናገሩም።

ታናሹ የትም አልሄደም። «ቤቴ ተቀምጬ ከሁሉም የተሻለ አያለሁ» አለ፤ እውነቱንም ነው። የእያንዳንዱን ሯጭ እርምጃ፣ የየአምስት ኪሎ ሜትሩን ሰዓት፣ ማን የት ላይ እንደተንጠባጠበ በቃሉ ይዞታል። የጣሪያውንም ድርሻ በጊዜው ልኳል።

መካከለኛዋ ብዙ ቀን አሰበች። መጀመሪያ የአባቷን ወርኃዊና የጣሪያውን ድርሻ ላከች። በተረፈው የስታዲየም ትኬትና ሆቴል አይታሰብም። ማራቶን ግን በጎዳና ላይ የሚሮጥ ስለሆነ ትኬት አይጠይቅም። መንገዱን በካርታ አጠናች። ሩጫው ከፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ ቬርሳይ ደርሶ ይመለሳል። መድረሻው ኢንቫሊድ ዘንድ ሰው እንደሚጠቀጠቅ ገባት። 28ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከቬርሳይ መልስ፣ ሽቅብነቱ ከመቶ 13 የሚያልፍ ዳገት አለ። «ሜዳ ላይ እንደ ነፋስ ያልፉኛል፤ ዳገት ላይ ግን ሰው ድምፅ ይሰማል» ብላ እሱን መረጠች። ተረኝነቷን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች፤ ድፎ ዳቦ ቆራርጣ፣ በሶ በጥብጣ በኮዳ ይዛ ዓርብ ማታ የሌሊት አውቶቡስ ተሳፈረች።

ነሐሴ 4 ጠዋት ዳገቱ ግራና ቀኙ በሰው ተሞልቷል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የያዙ አበሾች አየችና ተጠጋች፤ ዳቦውን ቆርሳ አደለቻቸው። ታምራት ቶላ ሌሎቹን እያራቀ ሽቅብ ሲመጣ እጆቹ፣ አንገቱ ላይ የወረደው ላብ፣ የሚተነፍስበት ድምፅ ሳይቀር ደረሳት። «አይዞህ! በርታ የኔ ጀግና!» አለች፤ የራሷን ድምፅ ከሌሎቹ መለየት አልቻለችም። ታምራት የመጣው በተጠባባቂነት ተይዞ ነበር፤ የሮጠው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። እሷ ማን እንደሚሮጥ ሳትል ነበር የአውቶቡስ ትኬቷን የቆረጠችው። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲገባ ያየችው ከሌሎቹ ጋር በአንዱ ወጣት ስልክ ላይ ተደራርባ ነው። በወንዶች ማራቶን፣ ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት የተጠበቀ ወርቅ ነበር።

መሪዎቹ ካለፉ በኋላ ብዙው ሰው ወደ ስልኩ ዞረ። እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ቆይቶ፣ መሪዎቹ ርቀው ከሄዱ በኋላ፣ የአርባ ሁለት ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለ ብቅ አለ። ማንም ሜዳልያ አይጠብቅበትም። የቀሩት አበሾች ባንድ አፍ ተነሡ። ታምራት ሲያልፍ ከጮኸችው ይበልጥ ጮኸች፤ «ቀነኒሳ! አባቴ ሰላም ብለውሃል!» አለችው።

በማግስቱ እሑድ ሦስቱ ተሰብስበው አባታቸውን በስልክ አገኟቸው። ታናሹ የማራቶኑን ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከ። አባት በደስታ ሰምተው፣ «ቀነኒሳስ? ምን መሰለ?» አሉ። «ካሜራው የሚከተለው መሪዎቹን ነው፤ 39ኛ ሆኖ ገባ» አለ። ታላቁ ያን ቀን ታክሲ ላይ ነበር፤ የሚመልሰው አልነበረውም።

«እኔ አይቼዋለሁ አባዬ» አለች መካከለኛዋ። «ላብ በላብ ሆኖ፣ ግን አቋሙ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ። ሰላምታህን ነግሬዋለሁ።»

አባት ከት ብለው ሳቁ። ሁለቴ እንድትነግራቸው አደረጉ። ታላቁ ልጅ ይህን እየሰማ ከስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ጠብ ጠብ ሲል ሰማና፣ «አባዬ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለ። «ዝናብ ነው ልጄ፤ ሳፋው ላይ» አሉት። በዚያው ሳምንት ተጨማሪ ፈረቃ ገብቶ ድርሻውን ላከ።

ይህን ምሳሌ የተናገርኩት አንዱን ልጅ አሞግሼ ሌሎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ታናሹ ብልህ ነው፤ ፍቅሩ ከሩጫው ጋር ብቻ ለሆነ ሰው ከቴሌቪዥን የሚበልጥ ወንበር የለም። ታላቁም በደስታው አልተሳሳተም፤ የዚያች ሌሊት ጩኸት ዕድሜ ልኩን አይለየውም። የከፈለው ገንዘብ ግን የራሱ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ጉዞ ስናስብ «ትኬቱ ስንት ነው?» ብለን እንጀምራለን፤ ገንዘቡ ከማን ላይ እየተነሣ እንደሆነ መጠየቅ ግን ይቀድማል። ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ከእናት መድኃኒት ከሆነ፣ ርካሹ፣ ባለ 24 ዩሮው የፓሪስ ትኬትም ውድ ነበር።

መካከለኛዋን ያስወደደኝ ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው፦ እዚያ ሄጄ ምን አደርጋለሁ? ሰው ሰርግ የሚሄደው ሙሽራዋን አጥርቶ ለማየት አይደለም፤ ፎቶው በኋላ ይበቃዋል። የሚሄደው ለመገኘት ነው። የአገራችንን ማልያ ለብሶ ዳገት ለሚወጣ ሰው «አይዞህ» የሚል የአማርኛ ድምፅ መሆን ከፈለግን፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከፈራነው በታች ነው። ኋላ ለቀረውም ድምፅ መሆን ይቻላል፤ ካሜራ የማይደርስበት እዚያ ነው።

አሁን ዓይናቸው በ2028 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ ያረፈ ብዙዎችን አውቃለሁ። ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር እዚያው ነው፤ የሚያሳድር ዘመድ ያለው ብዙ ሰው ይኖራል። አዘጋጆቹ ርካሹ ትኬት ከ28 ዶላር እንደሚጀምር ተናግረዋል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም የማይመለሰው የማመልከቻ ክፍያ ብቻ 185 ዶላር ነው፤ የአውሮፕላኑ ገና አልተነካም። እዚያው አሜሪካ ያለ ወገን ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተለየ ዕቁብ ዛሬ ቢጀምር፣ ኦሊምፒኩ ሐምሌ 2020 ዓ.ም. ሲደርስ የማንም ጣሪያ ሳይነካ የሚሄድበት ጊዜ አለው።