ድመትም ሐቅ አላት



ውድ ወጣቶች፣ በ2020 ረመዳን መስጂዶች ሲዘጉ ብዙዎቻችሁ ገና ልጆች ነበራችሁ። ተራዊሕ ቤት ውስጥ ሆነ፤ ኢፍጣርም በየራሳችን። የመካና የመዲና መስጂዶች እንኳ ለሕዝብ ተዘግተው ነበር። በዚያ ወቅት በቤታችን ያልተጨነቀች ድመታችን ውሮ ብቻ ነበረች። ዛሬ ፈተናው፣ የሥራ ፍለጋውና የወረቀት ጉዳዩ እንቅልፍ ሲነሳችሁ ሳይ፣ ያኔ ከእሷ ያየሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ውሮ ዜና አትሰማም። ለፈጅር ስነሳ ሳህኗ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የሥራዬ ነገር ምን ይሆናል እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ ባድርም፣ ለእሷ ግን ያው የቁርስ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ምግቧን እያደረግኩላት እንዲህ አሰብኩ፦ ነገዬን የማላውቀው እኔ ለዚህች ፍጡር የሪዝቋ ማድረሻ ተደርጌያለሁ። እኔን ለእሷ ያዘጋጀ ጌታ ለእኔ ማንን እንዳዘጋጀ አላውቅም። እንዳልረሳኝ ግን አውቃለሁ።

እናቴ መጀመሪያ አልተመቻትም ነበር። እሷ ባደገችበት ወሎ ድመት አይጥ ትይዛለች እንጂ አልጋ ላይ አትወጣም። "ፀጉሯ ልብስሽ ላይ እያለ እንዴት ትሰግጃለሽ?" ትለኝ ነበር። ጥያቄዋ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በሻፊዒ መዝሀብ ከድመት የረገፈ ፀጉር ላይ ንግግር አለ፤ ጥቂቱ ግን ይታለፋል። ስለ ድመቷ ራሷ የመጣው ሐዲስ ደግሞ ግልጽ ነው። ሶሓባው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የልጃቸው ሚስት የዉዱእ ውኃ ስታቀርብላቸው ድመት መጣች። እስክትጠጣ ድረስ ዕቃውን አዘነበሉላት። ሴትየዋ በመገረም ስታያቸው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በመካከላችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን እንደተናገሩ ነገሯት። ለሶላት የሚዘጋጅ ሰው ቆሞ ድመት እስክትጠጣ ጠበቀ! እናቴም ይህን ከሰማች ወዲህ ውሮን "ዘዋሪዋ" ትላታለች።

ነቢዩ በድመት ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የነገሩንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አንድ ነገር ነው። ድመቷን መታቻት አልተባለም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፣ ወጥታም እንድትበላ አልለቀቀቻትም። ስንጨነቅ በር እንዘጋለን። ከበሩ ውጭ ግን በእኛ ላይ ሐቅ ያላቸው አሉ፦ ደጋግማ ደውላ የማትመለስላት እናት፣ የቤት ሥራውን ይዞ የቆመ ታናሽ ወንድም። ድመት ቢያንስ በሩን ትቧጭራለች። እናት ግን "ደክሟት ይሆናል" ብላ ዝም ትላለች።

አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ) አስቡ። ከየመን፣ ከደውስ ጎሳ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ መዲና የገቡ ስደተኛ ነበሩ። በመስጂዱ ጥግ ከድሆቹ ጋር ይኖሩ ነበር። ከረሃብ የተነሳ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ሰው እብድ ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። ከ5 ሺህ በላይ ሐዲስ በእሳቸው በኩል ደርሶናል። ይሁንና ዓለም የሚያውቃቸው ወላጆቻቸው ባወጡላቸው ስም አይደለም። በግ ሲጠብቁ ይዘዋት ይጫወቱ በነበረችው ትንሽ ድመት ነው። (ነቢዩ የተኛችን ድመት ላለመቀስቀስ እጅጌያቸውን ቆረጡ የሚለው ታሪክ ግን በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች የለም። አታጋሩት፤ ትክክለኛው ይበቃናል።)

"ታዲያ እንደ ድመት ተኝቼ ልጠብቅ?" የሚለኝ አይጠፋም። በሐዲሱ የተጠቀሱት ወፎች ጠግበው የሚመለሱት በጠዋት ተርበው ስለሚወጡ ነው። ውሮም ብትሆን ሳህኑ ድረስ ትሄዳለች። ማመልከቻችሁን ሙሉ፣ አጥኑ፣ ከዚያ ተኙ።

ጭንቀቱ ሳምንታት አልፎት እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለዋል። ሐኪም ማየት የኢማን ድክመት ነው የሚላችሁን አትስሙ። ውሮ ስትታመም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ተወኩላችሁ የት ሄደ ያለን ሰው የለም።

ወሏሁ አዕለም።